የሕመምተኛው ማዕድ የማን ነው?

ሰው በታመመ ጊዜ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መድኃኒቱ ምንድር ነው?» ብሎ ነው። «እስከ ዛሬ ምን ሲበላ ነበር? ከእንግዲህስ ምን ይብላ? ማንስ ያበስልለታል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ ምን ቢባል፤ መድኃኒት ከሩቅ አገር የሚመጣና በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ ይከበራል፤ ቆጮና እንጀራ፤ ጨውና ቅቤ ግን ዕለት ዕለት በእጅ ስለሚገኙ እንደ ተራ ነገር ይቈጠራሉ። ይሁን እንጂ ማዕዱ ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ብቻውን የማይበቃው ደዌ አለ። ከዚህም ወገን አንዱ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው። ስለዚህ ሕመም በሆሳዕናና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ያለውን ኑሮ ለሚመረምር ሰው አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ይኸውም የሕመምተኛው ማዕድ የማን ነው? የራሱ ነውን፤ የሐኪሙ ነውን፤ ወይስ አብረውት የሚበሉት ሰዎች ሁሉ? የሚል ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አስቀድሞ የኩላሊትን ሥራ መናገር ይገባል። ኩላሊቶች በወገብ ግራና ቀኝ የሚገኙ፤ እያንዳንዳቸው የተጨበጠ እጅ የሚያህሉ ናቸው። በእያንዳንዱም ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቃን ማጣሪያዎች አሉ። እነዚህ ማጣሪያዎች በአንድ ቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ የሚበዛውንም ወደ ደም መልሰው፤ አንድ ወይም ሁለት ሊትር የሚሆነውን ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ብልህ የቤት መጋቢ የሚጠቅመውን ወደ ጐተራ አስገብቶ ጕድፉን ከደጅ እንዲጥል፤ ኩላሊትም ጨውንና ውሃን ይመጥናል፤ የደምን ግፊት ያስተካክላል፤ ደም እንዲፈጠር ይረዳል፤ አጥንትንም ለማጽናት ያግዛል።

ይህ መጋቢ በደም ግፊት፤ በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት ሲደክም ግን አይጮኽም። ሰውየው እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ገበያ ይወጣል፤ ከወዳጆቹም ጋራ ይጫወታል። እግሩ ሲያብጥ፤ ትንፋሹ ሲያጥር፤ ምግብ ሲያስጠላው ወደ ሐኪም ቢመጣ፤ ብዙው ነገር ካለፈ በኋላ ይሆናል። ሐኪሞች ጕዳቱ ከሦስት ወር በላይ የቈየ እንደ ሆነ ሥር የሰደደ ይሉታል፤ ደረጃውንም በአምስት ይከፍሉታል። በመጨረሻው ደረጃ ኩላሊቱ የሚሠራው በግምት ከጤናማው ሥራ ከመቶ 15 እጅ ያነሰውን ብቻ ነው። በዓለም ላይ 850 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል። ስለዚህም የዓለም የጤና ጉባኤ በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ስለ ኩላሊት ጤና የመጀመሪያውን ውሳኔ አጸደቀ።

አሁን ምግብ በዚህ ደዌ ላይ ያለውን ኀይል መመልከት ነው። ጨው ሲበዛ በሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል፤ የደምንም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለው ግፊትም የደከሙትን ማጣሪያዎች ይበልጥ ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ይህ መጠን በወጡ፤ በዳቦውና በቡናው ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው እንጂ ከላይ የሚነሰነሰው ብቻ አይደለም።

ፕሮቲን የሚባለውና በሥጋ፤ በወተት፤ በእንቍላልና በጥራጥሬ የሚገኘው ገንቢ ምግብም እንዲሁ ልክ አለው። እጥበት ላልጀመረ ሕመምተኛ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ያህል ይመከራል፤ ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ይሆናል። የኩላሊት እጥበት ከጀመረ በኋላ ግን ከዚሁ ገንቢ ነገር አንዳንዱ በእጥበቱ ስለሚጠፋ፤ ያው ሰው በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል። ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ደግሞ በሙዝ፤ በአቮካዶ፤ በድንችና በጎመን ይገኛል። ለጤናማ ሰው ይጠቅማል፤ ኩላሊቱ እጅግ በደከመ ሰው ደም ውስጥ ቢከማች ግን ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። እንዲህም ሲሆን እነዚህን ምግቦች መተው የሚያሻው ሕመምተኛ ሁሉ አይደለም፤ በደም ምርመራ የሚለይ ነገር ነው። በዚህ ላይ ትምባሆን መተው፤ እንደ ዲክሎፌናክና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ አለመዋጥ፤ ዐቅም የፈቀደለትም በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መራመድ ወይም መሥራት ይጨመራል።

እንግዲህ ለዚህ ሕመምተኛ የሚሰጠው የምግብ ምክር አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያበቃ ትእዛዝ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ዛሬ «ቀንስ» የተባለው ነገር ነገ «ጨምር» ይባላል፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ይጐዳል። ስለዚህ ምክሩ ከሕመምተኛው ጋራ አብሮ መጓዝ አለበት፤ አብሮ ለመጓዝም ሰውየው በየትኛው አገር፤ በየትኛው ቤት፤ ከምን ሳሕን እንደሚበላ ማወቅ ግድ ነው።

በሐዲያና በከምባታ የብዙው ቤት ምሰሶ እንሰት ነው። ቆጮው፤ ቡላውና አሚቾው ከርሱ ይገኛል፤ ከጎመንና ከአይብ ጋራ ይቀርባል። በሐዲያ ቡላ በቅቤና በወተት ተሠርቶ አተካና ሲሆን የክብር ምግብ ነው። መስቀል በሚከበርበት ወራት፤ በሐዲያ ያሆዴ፤ በከምባታም መሳላ በሚባለው በዓል፤ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የቈጠቡ ጓደኞች በሬ ያርዳሉ፤ ከሩቅ ያለውም ዘመድ ወደ አባቱ ቤት ይገባል። ቡና በብዙ ቤት በጨው ይጠጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ቅቤ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ያማረ ልማድ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። ነገር ግን ከሌላ አገር ኑሮ ተቀድቶ የመጣ የምክር ወረቀት ይህን ማዕድ አያውቀውም።

ለምሳሌ ወረቀቱ «ሥጋ ቀንስ» ይላል እንበል። ይህ ቃል ዕለት ዕለት ሥጋ ለሚበላ የከተማ ባለጸጋ የተገባ ነው። በአንጋጫ ወይም በሾኔ አካባቢ የሚኖር፤ ለመስቀልና ለሠርግ ካልሆነ ሥጋ የማይቀምስ ድኻ ገበሬ ግን ምን ይቀንስ? ቆጮ ኀይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ገበሬው ምክሩን በቅን ልብ ሰምቶ ወተቱንና ባቄላውን፤ ለልጆቹ የሚተርፈውንም እንቍላል ቢተው፤ ኩላሊቱን ሲጠብቅ ሥጋው ያልቃል። የሚያሳዝነውም ነገር የሚጐዳው ባለመታዘዙ ሳይሆን በመታዘዙ መሆኑ ነው። ያው ሰው ስለ ጨው ያልተነገረው እንደ ሆነ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ጨው ያለበትን ቡና ይጠጣል፤ ቡናን ከምግብ የሚቈጥረው የለምና።

ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ ቢባል፤ የመጀመሪያው መልስ «ማዕዱ የራሱ የሕመምተኛው ነው፤ ነፍሱን የሚወድ አፉን ይጠብቅ» የሚል ነው። ይህ መልስ ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ አልያዘም። በብዙው ቤት ድስቱ አንድ ነው፤ ጨውም የሚገባው ሕመምተኛው ከመቀመጡ በፊት ነው። ለብቻው ይሠራለት ቢባል ማገዶው፤ ጊዜውና የሚስቲቱ ድካም እጥፍ ይሆናል። ተሠራለትም እንበል፤ ብቻውን ከማዕዘን ተቀምጦ የሚበላ ሰው ከቤተ ሰቡ እንደ ተለየ ይሰማዋል። በዚህ አገር አብሮ መብላት ማለት አንድ መሆን ነውና። ከሳምንት በኋላም ወደ ድስቱ ይመለሳል፤ ጎረቤቱም «ለራሱ የማያውቅ» ብሎ ይፈርድበታል። እንዲህ ያለው ፍርድ ብዙዎች በአንድነት ያበሰሉትን በደል በአንድ ሰው ራስ ላይ መጫን ነው።

ሕመምተኛይቱ የቤቱ እመቤት በሆነች ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እርስዋ ለሁሉ ታበስላለች፤ ለእርስዋ የሚያበስል ግን የለም። ባልዋና ልጆችዋ «አልጫ ነው፤ አይጥምም» እንዳይሉ የሚጐዳትን ጨው በገዛ እጅዋ ትጨምራለች፤ ከርሱም ትበላለች። እርስዋን «አፍሽን ጠብቂ» ማለት «ባልሽንና ልጆችሽን አስቀይሚ» እንደ ማለት ነው። ይህን ሸክም ከትከሻዋ ሊያነሣላት የሚችል ሐኪም አይደለም፤ ባልዋ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ማዕዱ የሐኪሙ ነው፤ እርሱ ያዘዘው ይፈጸም» የሚል ነው። በሆሳዕና በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ፤ በዱራሜም እንዲሁ ሆስፒታል አለ፤ በየከተማውም ጤና ጣቢያ ይገኛል። ነገር ግን ሐኪም ሕመምተኛውን ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ ያየዋል፤ ድስቱ ግን በየቀኑ ይጣዳል። ሐኪሙ «ጨው ቀንስ፤ ይህን አትብላ» ብሎ በጥቂት ደቂቃ ተናግሮ ቢያሰናብተው፤ የተናገረው እውነት ቢሆንም ሥራው ተፈጸመ ሊባል አይቻልም። መድኃኒት ሲያዝዝ ስንት ፍሬ፤ በስንት ሰዓት፤ ለስንት ቀን ብሎ ይጽፋል። ስለ ምግብ ግን ስፍሩንና አሠራሩን ሳይናገር ቃሉን ብቻ ቢጥል፤ ስሙን ተናግሮ መጠኑን እንዳልጻፈለት መድኃኒት ይሆናል።

እንግዲህ የሚቀረው ሦስተኛው መልስ ነው፤ የሕመምተኛው ማዕድ አብረውት የሚበሉት የሁሉ ነው፤ ሐኪሙም የዚያ ማዕድ መካሪ ነው። በዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሕመምተኛ ሕፃን አይደለም፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳሕኑን የሚጠብቅበት፤ ጕርሻውን የሚቈጥርበት ከሆነ፤ ሕይወቱ የእስረኛ ሕይወት ነው» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባውም፤ አንዳንድ ጊዜ ፍቅር የሚመስል ጭካኔ አለና። ነገር ግን በመጠበቅና በመካፈል መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የሚጠብቅ ሰው ራሱ ጣፋጩን እየበላ ሌላውን «አትቅመስ» ይላል። የሚካፈል ግን የራሱንም ወጥ አልጫ አድርጎ አብሮ ይቀመጣል። የመጀመሪያው የሕመምተኛውን ነጻነት ይወስድበታል፤ ሁለተኛው ግን ሕመምተኛው መልካሙን በገዛ ፈቃዱ እንዲመርጥ መንገዱን ያቀናለታል።

ለዚህም ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው ከሩቅ አገር ነው። ዋልተር ኬምፕነር የተባለ ከጀርመን የተሰደደ ሐኪም፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 ገደማ፤ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም የጸናባቸውን ሰዎች በሩዝ፤ በፍራፍሬና በስኳር ብቻ ይመግብ ጀመር፤ ጨው ከምግቡ ጨርሶ የጠፋ ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ የደምን ግፊት ደኅና አድርጎ የሚያወርድ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበርና፤ የብዙዎቹ ግፊት መውረዱ ሐኪሞችን አስደነቀ። ምግቡ ግን እጅግ የሚያሰለች ነበር። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ «የሩዝ ቤት» በሚባሉ ማደሪያዎች አብረው ተቀምጠው ያንኑ ምግብ አብረው ይበሉ ነበር፤ አንዱ የሚበላውን ሁሉም ስለሚበላው የሚያሳፍር ወይም የሚያስጐመጅ ነገር አልነበረም። ዛሬ ብዙ መድኃኒት ስላለ ያን የመሰለ ጽኑ ምግብ ለሁሉ አይታዘዝም፤ የአብሮ መብላት ትምህርቱ ግን አላረጀም።

ሁለተኛው ምስክር ከዚሁ አገር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ የሚከለከል ምእመን ብዙ ነው፤ ያው ሰው በሐኪም ቃል ለ55 ቀን ጨው ቀንስ ቢባል አይሆንለትም። ሆዱ አንድ ነው፤ ፈቃዱም አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድር ነው ቢባል፤ ከእምነቱ ጽናት ሌላ፤ በጾሙ ወራት ቤቱ ሁሉ፤ ጎረቤቱም፤ ምግብ ቤቱም ሳይቀር አብሮት ይጾማል፤ «አልበላም» ሲልም የሚቀየመው የለም። ይህን ኦርቶዶክሱ ከጾሙ ያውቀዋል፤ ሙስሊሙም ከረመዳን ያውቀዋል፤ ወንጌላዊውና ካቶሊኩም በጸሎት ጓደኞቻቸው መካከል ያውቁታል። ሰው ብቻውን የማይችለውን በማኅበር ይችለዋል።

ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው የእንግዳ መቀበል ነገር ነው። «በሞቴ» ተብሎ የቀረበን ጕርሻ መመለስ ያሳፍራል፤ ጨው ያልገባበትን ቡና ለእንግዳ ማቅረብም እንደ ንፍገት ይቈጠራል። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ማሰብ ይጠቅማል። በጥንት ዘመን ጨው ከአፋር ሜዳ ተቈርጦ፤ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ አሞሌውም እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ከምንጩም በራቀ ቍጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በዚያ ዘመን ለእንግዳ ጨው መጨመር ማለት ከገንዘብ ቦርሳ አውጥቶ እንደ መስጠት ነበረ። ዛሬ ግን ጨው በየሱቁ ሞልቷል፤ ስጦታነቱ ቀርቶ ልማዱ ብቻ ቈይቷል። ስለዚህ የአባቶችን ልግስና ለመጠበቅ የሚወድ ሰው የአባቶችን ስፍር መጠበቅ ግድ የለበትም። እነርሱ ለእንግዳቸው የሰጡት ብርቅ የሆነውን ነበር፤ ዛሬ ለታመመ እንግዳ ብርቅ የሆነው ደግሞ ሳይታዘብና ሳይጫን የሚያስተናግደው ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ የፍርድ ነገር አለበት። ኩላሊቱ ጨርሶ የደከመ ሰው በሕይወት የሚኖረው በእጥበት ወይም በንቅለ ተከላ ነው። የእጥበቱን መኪና በመጀመሪያ የሠራው ቪለም ኮልፍ የተባለ ሐኪም ነው፤ እርሱም በሆላንድ አገር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943፤ በጦርነት መካከል ነበር። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን እጥበት ለወትሮው በሳምንት ሦስት ጊዜ፤ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ፤ ሕይወት እስካለ ድረስ ወይም ንቅለ ተከላ እስኪገኝ ድረስ የማይቋረጥ ነገር ነው። ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ሲባል መሬት ይሸጣል፤ ከብት ይነዳል፤ ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደውም ልጅ በመከራ ያገኘውን ገንዘብ ይልካል። ዘመድ ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት ለመርዳት ይህን ያህል የሚተጋ ከሆነ፤ ዋጋው ጥቂት በሆነበት በፊተኛው ጊዜ ስለ ምን ዝም ይላል? ዕድርስ ድንኳንና ገንዘብ አዘጋጅቶ ሞትን የሚጠብቅ ከሆነ፤ አባሉ በሕይወት ሳለ የደም ግፊቱን እንዲለካ ቢያሳስብ ምን ይጐዳዋል?

በሌላ በኩል ምግብን ከልክ በላይ ማመስገንም ስሕተት ነው። የተስተካከለ ማዕድ ሕመሙ እንዳይፈጥን ይረዳል እንጂ የሞተውን ማጣሪያ አያስነሣም፤ የደም ግፊትንና የስኳርን መድኃኒት አይተካም። ምንነቱ ያልታወቀ ሥራ ሥር ቀቅሎ መጠጣት ደግሞ የደከመውን ኩላሊት ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። ሕመሙም ጨውና ቅቤ ሳያበዙ የኖሩትን ሰዎች ሳይቀር ይይዛልና፤ የታመመውን ሁሉ «ሆዳም ስለ ነበርህ ነው» ማለት ሐሰትም ግፍም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፤ ነገሩ ከትልቅ ገንዘብ ይልቅ አሳብን ይፈልጋል። ሐኪሙና ነርሷ ሕመምተኛውን «በቤትህ የሚያበስለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ያ ሰውም በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮ እንዲመጣ ያድርጉ። የማይበላውን ከመዘርዘር በፊት የሚበላውን ይንገሩት፤ ከቆጮው ጋራ አይቡ ምን ያህል፤ ባቄላው ምን ያህል፤ ጎመኑ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው መደፋት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ከደሙ ምርመራ ጋራ አስተያይተው ይወስኑለት። ደረጃው ሲለወጥ ምክሩን ይለውጡለት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሠራተኞቹን እስከ ምድጃው ድረስ የሚያደርስ መንገድ ስለ ሆነ፤ የሆስፒታሉ ቃል በእነርሱ በኩል ወደ ቤት ቢገባ ይቻላል። ሰባኪውና ካህኑም ስለ በዓል ሲያስተምሩ ስለ ታመመው ተጋባዥ አንድ ቃል ቢጨምሩ፤ የሐኪሙ ቃል በማይደርስበት ቤት ይሰማል።

የሚቀጥለው መስቀል ሲደርስ በሺንሺቾም ሆነ በሆሳዕና፤ በዶዮገናም ሆነ በዱራሜ፤ በብዙ ቤት ከተቀመጡት መካከል ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይኖራል፤ ምናልባትም ራሱ ገና አላወቀው ይሆናል። በዚያ ቤት ቡናው ያለ ጨው ተቀድቶ፤ ጨውም ለብቻው በትንሽ ዕቃ ቀርቦ፤ የፈለገ ለራሱ እንዲጨምር ቢደረግ፤ በዓሉ አይጐድልም፤ እንግዳም አይቀየምም። ሕመምተኛውም «አልፈልግም» ለማለት ሳይገደድ፤ እንደ ሰው ሁሉ ሲኒውን ተቀብሎ፤ ከሰው ሁሉ ጋራ ይጠጣል።